ቀልተሻል

ኪርር... ኪርር... ኪርር።

የብረት ማንኪያ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ሲዞር ነው። ከችፑድ ግድግዳው ወዲያ በኩል ይመጣል። የመድኃኒት ቤቱ መብራት ገና አልበራም፤ ታናሿ ነጭ ጋዋኗን በዳበሳ እየለበሰች ድምፁን አዳመጠች። ታላቅ እህቷ ቅባት እየለወሰች ነው።

አንድ ቤት ለሁለት ከፍለው ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ታላቋ የውበት ሳሎን አላት፣ ታናሿ ደግሞ ፋርማሲስት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ ደብተሯን እየሸፈነች ያሳደገቻት ታላቋ ናት። ታናሿ በዚህ ዓለም ላይ ክፉ ቃል ልትናገረው የማትደፍረው ሰው ቢኖር እሷ ነች። ዛሬ ግን መናገር አለባት። ሳምንቱን ሙሉ እረፍት የነሣቻት አንዲት ቃል አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ የሳሎኑ ደንበኛ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ መድኃኒት ቤቱ ብቅ ብላ ጉንጯን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«እስቲ እይኝ! የእህትሽ ቅባት እንዴት ነው? ቀልቻለሁ አይደል?»

ታናሿ አየቻት። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል፤ ከሥሩ የደም ሥሮቿ እንደ ተበተነ ቀይ ክር ይታያሉ። ደንግጣ ያየችውን ተናገረች።

«እውነትም ቀልተሻል።»

ተቃጥለሻል ማለቷ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በእኛ አፍ ፊት ሲፈካም ቀላ ነው፣ ሲቆጣም ቀላ ነው። ልብስ ሰፊዋ የወደደችውን ትርጉም ይዛ እየፈነደቀች ወጣች። ታናሿ ልታርማት ከባንኮኒው ጀርባ ዞራ እስክትደርስ ወሬው መንገዱን ተሻግሯል፦ «ፋርማሲስቷ ራሷ መሰከረች!»

ማንኪያው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ታላቋ ካርቶን አቅፋ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ፊቷ እንደ ልማዷ በፓውደር ተሸፍኗል።

«የኔ ዶክተር! አከፋፋዩ ናሙና ልኮልኛል። የሚረባውን ከማይረባው ለዪልኝ። እኔ እንደሆን ማሸጊያው ካማረ ሁሉም ያማረ ይመስለኛል።»

«ባል ስትመርጪም እንደዚሁ ነበርሽ።»

«አፍሽን ያዢ!» አለች ታላቋ እየሳቀች። «ግን ማሸጊያው አምሮ አልነበር?»

ታናሿ አንድ ልማድ አላት። የትኛውንም ዕቃ ስታነሣ ፊቱን ሳታይ ገልብጣ ጀርባውን ታነባለች። «የዕቃ ፊቱ ደላላ ነው፣ ጀርባው ጎረቤት» ትላለች። «ጠባዩን ለማወቅ ጎረቤቱን ነው መጠየቅ።» ጀርባው ላይ ደግሞ የንጥረ ነገሮቹ አቀማመጥ በማዕረግ ነው፤ የበዛው ፊት ይሰየማል፣ ቅንጣቷ ጭራ ላይ ትቀራለች።

«ይሄ ወርቅ አለበት ይላል» አለች ታላቋ አንድ ብልቃጥ እያወዛወዘች።

«ወርቁ የት ተቀመጠ? ከሽቶው በኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ። ለስሙ ነው የተጠራው። ወደ ግራ።»

«ኮላጅንስ?»

«ላይ ላዩን ያለሰልሳል እንጂ አይዘልቅም። በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ የሚመለስ እንግዳ ነው።»

«ቫይታሚን ሲ! እሱን እንኳ አትናቂብኝ።»

«እሱስ ደግ ነበር። ግን እይው፣ ቡኒ ሆኗል። ብርሃን በሚያስገባ ጠርሙስ ከትተው ገድለውታል።»

«ነፍሱን ይማር» አለች ታላቋና ወደ ግራ አጋደመችው።

ግሊሰሪን ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈበት ተራ ቅባት ወደ ቀኝ ሄደ። ማንም ያላየው፣ ቀለም አልባው የፀሐይ መከላከያም ተከተለው።

«ይሄ ብቻውን ከካርቶኑ ሁሉ ይበልጣል» አለች ታናሿ። «ቆዳው ሳይበላሽ ይጠብቃል።»

«ያቀላል?»

«አያቀላም።»

«እንግዲያ ማን ይወስደዋል!»

ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ታላቋ ከኪሷ ነጭ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አውጥታ ባንኮኒው ላይ እንደ ዕንቁላል በጥንቃቄ አስቀመጠቻት።

«ይቺንስ? ደንበኞቼ ‹ፋርማሲስቷ የመሰከረችላት› ነው የሚሏት። በእጅሽ ጽፈሽ ወረቀት ለጥፊባትና እዚህ መደርደሪያሽ ላይ ትቀመጥልኝ።»

ታናሿ ዕቃዋን አገላበጠቻት። ፊቷም ጀርባዋም ባዶ ነው።

«ምን አለባት?»

«የእጄ ሥራ አለባት።»

«እቴቴ፣ ይቺ ጎረቤት የላትም። ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን ጠይቂያ!»

«እሺ፣ አንቺን ጠየቅሁ።»

ታላቋ በጣቷ ቆጠረች። «ቫዝሊን። ግሊሰሪን። ትንሽ ሽቶ። እና...» አራተኛው ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «ያቺ የሽፍታ ቅባት፣ የምትሰጪኝ።»

ታናሿ ባንኮኒውን ያዘች። «ሻምፖው እጄን ፈጀኝ» እያለች ስትወስዳቸው የከረመቻቸው ቱቦዎች! ለካስ ማለዳ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ የምትሰማው ከገዛ መደርደሪያዋ የወጣ መድኃኒት ሲለወስ ኖሯል።

«እጅሽስ?»

«እጄ ምን ሆነ? ደኅና ነው።»

ከዚህ በኋላ ማዘግየት አልተቻለም።

«ልብስ ሰፊዋን ቀልተሻል ያልኳት አምሮብሻል ማለቴ አልነበረም። ተቃጥለሻል ማለቴ ነው። ያ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን የሚቀባ ነው፤ ፊት ላይ በየቀኑ ሲውል ቆዳውን ይበላዋል። በድንገት ብትተወውም ሊብስባት ይችላል፤ ማጠፊያው ላይ ያለው የቆዳ ሐኪም ይያት። ዛሬውኑ ልነግራት ነው። ከእኔ በፊት አንቺ ብትነግሪያት ግን ደስ ይለኛል።»

«ልታዋርጂኝ?»

«እኔም አብሬ ነው የምዋረደው። መድኃኒቱም ከኔ ቤት ነው የወጣው፣ ቃሉም ከኔ አፍ።»

«ደብተርሽን እየሸፈንኩ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

ታናሿ ያንን ቡናማ ወረቀት፣ በጥርስ ተቆርጦ የሚለጠፈውን ፕላስተር አሰበች።

«ለዚህ ይመስለኛል።»

ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪናው ጠቅ ጠቅ ይላል። ታላቋ ዕቃዋን መልሳ ለማንሣት ጎንበስ ስትል የማለዳው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጉንጯ ላይ ዐረፈ። ታናሿ ፓውደሩ ለምን ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ እንደመጣ ድንገት ገባት። ጥጥ አነሣች፣ ውሃ ነካ አደረገችው፣ እጇን ዘረጋች። ታላቋ መጀመሪያ ሸሸች። ኋላ ልክ ታናሿ ሕፃን ሳለች ፊቷን ስትታበስ ታደርግ እንደነበረው ዐይኗን ጨፍና አገጯን ቀና አደረገች።

ከፓውደሩ ሥር ቀዩ ክር ብቅ አለ።

«ቀልቻለሁ?» አለች ታላቋ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ቀስ ብላ።

ታናሿ ያቺን ቃል ሁለተኛ አላነሣቻትም።

«ቆስለሻል፣ እቴቴ።»

ታላቋ ዐይኗን ገለጠች። ነጯን ዕቃ ኪሷ ከተተች፤ ከቀኝ በኩል ከተለዩት መካከል የፀሐይ መከላከያውን አንሥታ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች መንገዱን እየተሻገረች ነበር።

«እትዬ! የኔን አስቀመጥሽልኝ?»

ታላቋ ቆመች። የልብስ ሰፊዋን ጉንጭ አሻግራ፣ ከዚያም ቀረብ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። የፀሐይ መከላከያውን መዳፏ ላይ አኖረችላትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«ይሄ ምንድነው ደግሞ? ቅባቴስ?»

ታላቋ ክፍት የተወችውን የሳሎኗን በር አልፋ፣ አንድ ጉንጯ በፓውደር፣ አንዱ ባዶውን፣ ወደ መንገዱ ማጠፊያ አቅጣጫ ሄደች።