ክዳኑ የጎደለው የዶሮ ቤት

ሲታቲ አናጢ ነበር፤ ያውም የገዛ ሥራውን ሲያደንቅ የሚያመሽ ዓይነት። የአማቱን የእማማ ናብዊሌን ዶሮዎች ቀን ጭልፊት፣ ማታ ሸለምጥማጥ ሲፈጃቸው አየ። ሚስቱ ናንጃላም "እናቴ ከዶሮዎቿ ሌላ ማን አላት?" እያለች ነዘነዘችው። እሱም ሰው ቆሞ የሚዘዋወርበት ሰፊ የዶሮ ማዋያ ሠራላቸው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከለ፤ ጣት የማያሳልፍ የሽቦ መረብ ወጠረ፤ ሸለምጥማጥ ምሶ እንዳይገባ የመረቡን ጫፍ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቀበረ፤ ከላይ ቆርቆሮ መታበት። ዶሮ ሾልካ እንዳታመልጥ በሩን ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ ተመልሶ የሚቀረቀር አደረገው። መቀርቀሪያው ግን ከውጭ ብቻ ነበር። የውስጡን መቀርቀሪያ መግጠምና ከደጃፉ ሥር ድንጋይ መቅበር ቀርቶት፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሲመጣ እማማ ናብዊሌ ቀድመውት ገብተው ዶሮዎቻቸውን እያሰፈሩ ነበር። ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በጎሳቸው ወግ የቡኩሱ ወንድ አማቱ በገቡበት ቤት አይገባም። አይጨብጣቸውም፤ ፊት ለፊት አያነጋግራቸውም፤ መንገድ ላይ ካያቸው ጥሻ ለጥሻ ይሄዳል። ይህን የደፈረ ቅጣቱን የሚያየው በራሱ ሳይሆን በሚወለደው ልጅ ላይ ነው ይባላል። ናንጃላ ደግሞ እርጉዝ ነበረች፤ የፊተኛው ጽንስ ጨንግፎባታል።

ሲታቲ የሚስቱን አጎት፣ ሽማግሌውን አባባ ዌፑኩሉን ዶሮ ማዋያው ድረስ አምጥቶ ጠየቀ።

"አባባ፣ የዶሮ አጥር እኮ ነው። ይሄ ቤት ይባላል?"

ሽማግሌው በምርኩዛቸው እየነካኩ ዙሪያውን ዞሩት። "በር አለው። ሰው ቆሞ ይገባበታል። ጣራው እኔ ከምተኛበት ይሻላል።"

"መቀርቀሪያ ብቻ ገጥሜ ልውጣ።"

"ማን እንዲህ አሳምረህ ሥራ አለህ? ጣራ ባይኖረው በረት ነው እልህ ነበር። አሁን ግን ቤት ነው፤ ከውጭ ሆነህ አድንቀው።"

ከዚያ ወዲያ ሲታቲ ጥገናው ሁሉ ከውጭ ሆነ። የላላ ሽቦ ያጠብቃል፤ ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል። የጎደለውን የሚሰማውም በዶሮዎቹ በኩል ነበር። እማማ ናብዊሌ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ "ዶሮዎቼ፣ በሩ ሲጢጥ ይላል በሏቸው" ይላሉ፤ እሱም ይሰማል። በሩ እንዳይዘጋባቸው ሲገቡ ድንጋይ ያስደግፉት ነበር። ዶሮዎቹ አፈር ላይ ሲንከባለሉ ከደጃፉ ሥር የቆፈሩትን ቀዳዳ ግን እሳቸውም ልብ አላሉት፤ እሱም ከውጭ ሣር ሸፍኖበት አላየውም።

አንድ ረፋድ ላይ ዘይቱን ይዞ ሲመጣ ግቢው ጭጭ ብሏል። ዶሮዎቹ በጠራራ ፀሐይ ቆጥ ላይ ወጥተው ተኮራምተዋል። ማስደገፊያው ድንጋይ ተንሸራቶ በሩ ተቀርቅሯል። እማማ ናብዊሌ የእንቁላል ቅርጫታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከሩቁ ጥግ ተለጥፈው ቆመዋል። ከበሩ ሥር ደግሞ ጥቁሩ እባብ አለ፤ ዓይን ላይ መርዝ የሚተፋው። ሌሊት በቀዳዳው ቀጥኖ ገብቶ፣ እንቁላል ውጦ ወፍሮ፣ ገለባ ውስጥ ተደብቆ አርፍዶ፣ አሁን መውጫው ጠቦታል።

ሲታቲ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ።

"ዶሮዎቼ፣" አሉ እማማ ናብዊሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሩን እንዳይነኩት በሏቸው።"

እውነታቸውን ነበር። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ቢገፋው እባቡን ጠርጎ እግራቸው ሥር ያደርሰዋል። በመረቡ በኩል በዱላ እንዳይወጋው ጣት የማያሳልፍ አድርጎ የወጠረው ራሱ ነው። ሲታቲ በሕይወቱ ሙሉ ጥሩ ሥራውን የረገመው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከጣራው አንድ ቆርቆሮ ነቅዬ ልገባ ነው፣" አለ ፊቱን አዙሮ።

"አይገቡም በሏቸው። የልጄን ሆድ ያስቡ በሏቸው። እኔ ያረጀሁ ነኝ።"

የፊተኛው ጽንስ የጨነገፈ ጊዜ ናንጃላ እህል ሳትቀምስ፣ ቃል ሳትተነፍስ የሰነበተችው ትዝ አለው። እናቷም ብትሞት ያው ነው። ወዲያው የሽማግሌው ነገር መጣለት።

"ጣራውን ባነሳውስ? አባባ ዌፑኩሉ ጣራ ባይኖረው በረት ነው ብለዋል።"

እማማ ናብዊሌ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። "ያንሱት በሏቸው፣" አሉ በመጨረሻ።

ጣራው ላይ ወጣ። ነፋስ እንዳይነቅለው ብሎ የመታው ጠመዝማዛ ምስማር አሁን እሱንም አልሰማ አለው። ቆርቆሮው በተንቋቋ ቁጥር እባቡ አንገቱን ያነሳል፤ እሱም እስኪረጋ መዶሻውን ያቆማል። እንደምንም አንዱን ቆርቆሮ ነቅሎ ወደ ውጭ አንሸራተተው።

"ይበቃል፣ ልዝለል።"

"ግማሽ ጣራም ጣራ ነው በሏቸው።"

ሁለተኛውን ሲነቅል መዳፉ ደማ። የቀረው ከበሩ በላይ ያለው፣ ለእባቡ ያጠላለት ነበር። የመጨረሻው ምስማር ወጥቶ ቆርቆሮው ሲነሳ ፀሐይ እባቡ ላይ ወረደች። አንገቱን አሰፋና ዞረ፤ የዞረው ወደ እማማ ናብዊሌ ነበር።

"ና!" አሉ። ዶሮዎቹንም ረሱ፣ አንቱታውንም ረሱ። "ና ልጄ!"

ሲታቲ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዘለለ። እባቡ ላይ ከነቆርቆሮው አረፈበት። ቆርቆሮው ከሥሩ ይንፈራገጥ ጀመር፤ በአንዱ ዳር ጥቁር ራስ ብቅ አለ። እማማ ናብዊሌ ቅርጫቱን ጥለው ያንን ዳር በሁለት እግራቸው ቆሙበት። ትከሻቸው ከትከሻው ገጠመ። ከወገቡ መዶሻውን መዝዘው ራሱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ጸጥ እስኪል ድረስ ቀጠቀጡት።

ከእባብ የተረፉ ሰዎች ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እነሱን ግን የባሰ ፍርሃት ያዛቸው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ፣ ቆርቆሮውም ደግፎ ስለያዘው መውጣት አልቻሉም፤ አማትና አማች በአንድ አጥር ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ቆሙ። ሲታቲ በኮፍያው ፊቱን ሸፈነ። ከኋላው እማማ ናብዊሌ ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው ሲያለቅሱ ተሰማው፤ እሱም አለቀሰ።

አባባ ዌፑኩሉ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው ሲያነክሱ መጡ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን አዩ።

"ጣራው የት ሄደ?"

"አነሳሁት አባባ።"

"ከመግባትህ በፊት?"

"ከመግባቴ በፊት። የመጨረሻው ይኸው፣ የቆምንበት።"

ሽማግሌው መቀርቀሪያውን ፈትተው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እንግዲያው በረት ውስጥ ናችሁ። በረት ውስጥ አማት የለ፣ አማች የለ። ቆርቆሮውን ሳብ አድርገህ ውጣ።"

ቢሆንም ቃላቸው የሲታቲን ሆድ አላረጋውም። የናንጃላ ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ገና ከመውጣቷ መንደሩን በለቅሶዋ አናወጠችው። ሲታቲ ያንን ለቅሶ ደጅ ሆኖ ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ መሣሪያውን ይዞ ወደ አማቱ ግቢ ሄደ። ሰማዩ ክፍት እንደሆነ ገብቶ፣ የውስጡን መቀርቀሪያ ገጠመ፤ ከደጃፉ ሥር ድንጋይ ቀበረ፤ በሩንም ወደ ውጭ የሚከፈት አደረገው። ሁለቱን ቆርቆሮ መልሶ መታና ሦስተኛውን፣ የተቀጠቀጠውን፣ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እማማ ናብዊሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ጥሬ ሲበትኑ አየ።

"ዶሮዎቼ፣" አሉ፣ "ያ ቦታ ሽቦ ብቻ ይሁን በሏቸው። ቆርቆሮ አይመቱበት።"

"ዝናብ ይገባል እኮ፣" አለ ሲታቲ ለዶሮዎቹ።

"ይግባ በሏቸው። ዳግመኛ ስጠራቸው ምስማር እስኪነቅሉ አልጠብቅም።"