የኦፓል ወንበር

መኪናውን ያገኘሁት ሊትልሮክ የምትባል የበረሃ መንደር ውስጥ ከአንድ የዶሮ ቤት ነው። ኮክ ያመርት የነበረ ሰውዬ ሞቶ፣ ሚስቱ የጓሮውን ዶሮ ቤት የሚያፈርስላት ሰው ስትፈልግ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩና ሄድኩላት። «ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት ይዘኸው ሂድ፤ እንቁላሎቹን ግን ተውልኝ» አለችኝ። ብረታ ብረት ያለችው የ1929 ፎርድ ነበር። ጣሪያ የለው፣ መስታወት የለው፣ ፓራፋንጎዎቹ ከአራቱም ጎማ ላይ ተነቅለዋል። ሾፌሩ በሚቀመጥበት ቦታ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር፤ ላነሳት እጄን ስሰድ በመንቆሯ ወጋችኝ።

እንዲህ የተራቆተ ፎርድ ለምን እንደተራቆተ እኛ በረሃ ላይ ያደግን ሰዎች እናውቃለን። ከዓለም ጦርነቱ የተመለሱ ልጆች የማያስፈልገውን ሁሉ ነቅለው ይጥሉና፣ ሞተሩን እንደ አዲስ ሠርተው፣ እሁድ ኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ ይዘውት ይወጡ ነበር። ሐይቁ ውሃ ካየ ስንት ዘመኑ፤ ጭቃው ደርቆ እንደ ወለል ተለጥጧል። እዚያ ላይ ማን ይበልጥ እንደሚፈጥን በሰዓት ይለካሉ።

እኔ ሌላንድ ፍሪች ነኝ። ፓልምዴል የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ያን ጊዜ፣ በ2002 መሆኑ ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤቴ ውስጥ ለመጠገን የቀረ በር አልነበረም። መኪናውን ጋራዤ አስገብቼ መጀመሪያ የዶሮውን ኩስ፣ ቀጥሎ ዝገቱን፣ ከዚያ ቀለሙን ማንሳት ጀመርኩ። ከሰማያዊው ሥር ቀይ ወጣ፤ ከቀዩ ሥር ደግሞ የቅቤ ዓይነት ቢጫ። በሩ ላይ ባለው ቢጫ ላይ በትልቁ 214 የሚል ቁጥር ነበር፤ ከቁጥሩ ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል «ዲ. ሃርጊስ» ይላል። የስልክ ማውጫውን አገላበጥኩ። በአቅራቢያችን ያለ ሃርጊስ አንድ ብቻ ነው፤ ሮዛመንድ ውስጥ። ደወልኩ።

«ማነው?» አለች አንዲት ሴት።

ስሜን ነገርኳትና «214 ቁጥር የተጻፈበት አሮጌ ፎርድ አግኝቼ ነበር፤ ምናልባት የሚያውቁት ከሆነ ብዬ ነው» አልኳት።

«ቤትህ የት ነው?» አለችኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ የጭነት መኪና ቆመ። የወረደችው ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀጭን አጭር ሴትዮ ናት። ሰላምታም ሳትሰጠኝ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደች። እጇን ከዳሽቦርዱ ኋላ አስገብታ ስትዳብስ ቆየችና «እዚህ ጋ ያለውን ሽቦ በጫማ ማሰሪያ ነበር ያሰርኩት፤ ማሰሪያው ጠፍቷል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም የማያስፈልገኝን መፍቻ ፍለጋ ወደ መሳቢያዎቼ ሄድኩ።

ሲበርድላት «ወይዘሮ ሃርጊስ፣ የሚጠጣ ነገር ላምጣልዎት?» አልኳት።

«ኦፓል በለኝ። እርስዎ የሚለኝ የጥርስ ሐኪሜ ብቻ ነው፤ እሱም ሊያሳምመኝ ሲል ነው።»

ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ ፈትታ ወደ አባቷ ስም ተመልሳለች። ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። መኪናውን ከታላቅ ወንድሟ ከዶይል ጋር ሆነው የሠሩት በአባታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ያኔ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቁርሷን በወረቀት ጠቅልላ እየመጣች ከእኔ ጋር ትሠራ ጀመር። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ታውቃለች። ሻንሲው የት ጋ ተቆርጦ እንደተበየደ፣ ሁለቱ ካርቡሬተሮች ከማን አሮጌ መኪና ላይ እንደተነቀሉ፣ ኮፈኑ በምን ቀበቶ ይታሰር እንደነበር። እኔ ደግሞ የአውሮፕላን ሰው ነኝና ላሜራ ስይዝ እስኪያብረቀርቅ አለቅም። አንድ ቀን በሩን ሳሽ አየችኝ።

«ሌላንድ፣ ይሄ የእራት ሳህን ነው እንዴ?»

«ስቱኮ ሳልጠቀም ነው ያቃናሁት፤ እይው እስኪ» አልኳት በኩራት።

«አየሁት። እኛ ያኔ የሠራነው በር እንዲህ ቢያምር ኖሮ ሰው የሰረቅነው ይመስለው ነበር። ተወው በቃ፤ ትንሽ ይጎርብጥ።»

ተውኩት። እውነቱን ለመናገር የእሷን ማክሰኞና ሐሙስ እጠብቅ ነበር። ረቡዕ የሚባለው ቀን ረዘመብኝ።

ጥር ላይ ወለሉን ስጠርግ አንድ ነገር አየሁ። የሾፌሩ ወንበር በብሎን የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ሁለት ረድፍ ናቸው። አንደኛው ረድፍ ኋላ ነው፤ ሌላኛው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳሎች ላይም እንጨት የሚታሰርበት ዓይነት ትርፍ ቀዳዳ አለ።

«ዶይል ቁመቱ ስንት ነው?» አልኳት።

«የበርህን ጉበን በግንባሩ ሳይመታ አይገባም።»

«ታዲያ የፊተኛው ቀዳዳ የማን ነው?»

ኦፓል ሳንድዊቿን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ከዚያ ነገረችኝ።

በ1951 የበጋ ውድድር ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ክሪኩ ሸርተት ብሎ የዶይልን የእጅ አንጓ ሰበረው። እጁ ጀሶ ውስጥ ገባ። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት መኪና ጋራዥ ውስጥ ሊቀር ነው። ውድድሩን የሚያካሂደው ክለብ ሴት አያስነዳም፤ ሴት መስመሩ ላይ ከታየች ይዟት የመጣው ሰው ይባረራል። ዶይል ቅዳሜ ጠዋት ጀሶውን ታቅፎ ተቀምጦ ሲያስብ ቆየና «ወንበሩን ወደ ፊት አምጪው» አላት። በነጋታው የእሱን ጃኬት፣ የእሱን የራስ ቁር፣ የእሱን መነጽር አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን ለአቧራው በሻሽ ሸፍና ኤል ሚራዥ ደረሰች። ዶይል ፎርዱን ጎትቶ ባመጣው የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሸራ ሥር ተኝቷል። ሰው ሲያናግራት ከወንበሩ ሳትነሳ ጉሮሮዋን ይዛ ድምፄ ተዘግቷል የሚል ምልክት ታሳያለች። አንዱ አዝኖላት የሳል ከረሜላ ሰጣት።

«ስንት ሄድሽ?» አልኳት።

«በሰዓት መቶ ሃያ ሰባት ማይል። በዚያን ቀን በእኛ ምድብ የቀደመኝ የለም። ስመለስ ሸራውን ገለጥ አድርጌ ነገርኩት። ዶይል በላብ ተነክሮ፣ ጉንዳን አንገቱን በልቶት አለቀሰ።»

መዝገቡ ላይ የተጻፈው ዶይል ሃርጊስ ተብሎ ነው። ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነው።

እኔ ተናደድኩ። ለክለቡ ደብዳቤ እንጻፍ፣ መዝገቡ ይታረም፣ በሩ ላይ ያለውም ስም ይቀየር አልኩ። ኦፓል እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ስሙ አይደለም የከነከነኝ። ስሙን እኔው ነኝ ወድጄ የሰጠሁት። በሚቀጥለው መጋቢት አክስታችን ታማ ላስታምማት ቤከርስፊልድ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ጋራዡ ባዶ ነው። ሸጦታል። ለማን እንደሸጠው እንኳ አልጠየቀም። የሠራሁት እኮ እኔም ነኝ፣ ሌላንድ።»

«ለምን ሸጥከው አላልሽውም?»

«አላልኩም። እሱም አልነገረኝም። የገና በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፤ ቀብር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ስለዚህ መኪና ግን ሃምሳ አንድ ዓመት ትንፍሽ ብለን አናውቅም።»

በዚያ ሰሞን ያደረግኩትን ሰው ቢያደርግብኝ አልወድም። ዶይል ቢሾፕ በምትባል ከተማ እንደሚኖር ነግራኝ ነበርና ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩለት። መኪናውን እየጠገንኩ እንደሆነ፣ እህቱ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣች እንደምታግዘኝ ነገርኩት፤ ስለ ካምቢዮው አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው ብዬም ዋሸሁ።

«ወንበሩን አስረኸዋል?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«የፊተኛው ቀዳዳ ላይ እሰረው» ብሎ ዘጋው።

አምስት ደቂቃ ሳይቆይ መልሶ ደወለ። «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

ሐሙስ ከመኪና ሲወርድ አየሁት። እውነትም ረጅም ነው፤ ከዘራ ይዟል፤ በሌላኛው እጁ አንድ ካርቶን የደረቀ ሥጋ አንጠልጥሏል። ኦፓል ሞተሩ ላይ አጎንብሳ ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ ጤና የሚሰጥ አልነበረም።

«እቱ» አላት ዶይል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልነግርሽ።» ካርቶኑን የት እንደሚያኖረው ጠፋው፤ ተቀበልኩት። «ያን ጊዜ ነዳጅ ልቀዳ ስሄድ ሰው ትከሻዬን ይመታል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይመታል። መቶ ሃያ ሰባት፣ አይ ዶይል፣ ይሉኛል። በመቱኝ ቁጥር እጄ ሰው ኪስ ውስጥ ሳለ የተያዝኩ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። እውነቱን ብናገር ሁለታችንንም ያባርሩናል። ጋራዥ ስገባ ደግሞ መኪናው ተቀምጦ ያየኛል። ከዓይኔ ቢጠፋ ነገሩም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ።»

«ብትጠይቀኝስ ኖሮ?»

«እምቢ ትይኝ ነበር።»

«አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር።»

«ለዚያ ነዋ ያልጠየቅኩሽ።» ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ነገሩ እንደማይጠፋ ያወቅኩት በሳምንቱ ነው። የገዛኝን ሰውዬ ብፈልገው አጣሁት። ሁለት ዓመት ፈለግኩት፣ ኦፓል።»

ይህንን አታውቅም ነበር። መፍቻውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። በመስኮት ሳያት የእኔን አጥር ይዛ ቆማ ወደ ተራሮቹ ታያለች። ዶይል ሊከተላት ሲል እጁን ያዝኩት። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ገባችና የቀኙን ካርቡሬተር አየት አድርጋ «ይሄን ማነው እንዲህ ያጣመመው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለዚያ ሰውዬ ካቻቢቴ ስጠው። ካርቡሬተር ድሮም የእሱ ሥራ ነው።»

ዶይል ወደ ቢሾፕ አልተመለሰም፤ እኔው ቤት ትርፍ ክፍል ውስጥ አረፈ። ኦፓል ሁለት ሳምንት ሙሉ በእኔ በኩል ነው ያናገረችው። እሱ አጠገቧ ቆሞ «ሌላንድ፣ የያዘውን መብራት ዝቅ እንዲያደርግ ንገረው» ትለኛለች። እሱም «ሌላንድ፣ እጄ ደክሟል በላት» ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሁለት ሳንድዊች ጠቅልላ መጣች። የእኔ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ «ያንተ አይደለም» አለችኝ።

ግንቦት ላይ መኪናውን ጭነን ኤል ሚራዥ ወጣን። ክለቡ አሮጌ መኪኖችን የሚያስነዳበት ቀን ነበር። ሴት ማስነዳት ከጀመሩም ብዙ ዘመን ሆኗል። ጠዋት ሾፌሮቹ ሁሉ ድንኳኑ ሥር ተሰብስበው መመሪያ ሲሰጣቸው፣ አስተባባሪው «የዛሬው ለማሳያ ነው፤ ከሰባ ማይል በላይ የሄደ ይቀጣል» አለ። ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲል ዶይል ከዘራውን አነሳ።

«ጥያቄ አይደለም። ዶይል ሃርጊስ እባላለሁ። በ1951 በዚህ መኪና መቶ ሃያ ሰባት ሄደ ተብሎ ስሜ መዝገባችሁ ላይ አለ። የነዳችው እህቴ ናት። እኔ ሸራ ሥር ተኝቼ ነበር።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ዶይል አልሳቀም። ከዚያ አንዲት ወጣት ሾፌር ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ኦፓል ጫማዋን ታይ ነበር። እንዲህ ቀልታ አይቻት አላውቅም።

እነዚህ መኪኖች ሲነሱ ከኋላ ይገፋሉ። የገፋት ዶይል ነው፣ በእሷ የጭነት መኪና። ወንበሩ የፊተኛው ቀዳዳ ላይ ታስሯል፤ ከኋላ ስትታይ የራስ ቁሯ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ያዘ። ዶይል ዳር ሲወጣ እሷ አቧራዋን አስነስታ ሄደች። ድምፁ ከጆሯችን እስኪርቅ ቆመን ቀረን። ሰዓት መዝጋቢው በሬዲዮ ቁጥሩን ሲናገር አስተባባሪው እንዲደግምለት ጠየቀ።

መቶ ሦስት ማይል።

ስትመለስ ፊቷ በመነጽሩ ዙሪያ ግራጫ ሆኗል። «ሦስተኛው ማርሽ ላይ ትንሽ ያመነታል» አለች።

«አንቺ ነሽ እግርሽን ያነሳሽው» አላት ዶይል።

«እኔ እግሬን አላነሳሁም።»

«ከዚህ ሆኜ ሰማሁት እኮ።»

«ያንተ ጆሮ ስልክ ሲጮህ መቼ ሰማና።»

እየተጨቃጨቁ ውሃቸውን ከአንድ ጠርሙስ ጠጡ። እኔ መኪናው ሥር ገብቼ ፍሪሲዮኑን አሸተትኩ፤ ተቃጥሏል፤ ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት።

በአሥራ አምስት ቀኑ ከክለቡ ደብዳቤ መጣ። የተፈቀደውን ፍጥነት ስላለፉ ከሚቀጥለው ውድድር ታግደዋል ይላል። አድራሻው ለወይዘሮ ኦፓል ሃርጊስ፣ የ214 ቁጥር ሾፌር ነው። ኦፓል ጋራዥ ይዛው መጥታ ለእኔና ለዶይል ጮክ ብላ አነበበችልን። ከዚያ ለብቻዋ ደግማ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ካምቢዮውን አወረድከው?» አለችኝ።

«ሁለት ብሎን ቀርቶኛል» አልኳት ከመኪናው ሥር ተኝቼ።

«እንግዲያው ጠጋ በል» ብላ ከጎኔ ተንጋለለች።