ቀጥ ያለው ማኅተም

እኛ መሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ ሁሉም በፊርማ ፈንታ የየራሱን የስም ማኅተም ይመታል፤ የበታቹ የራሱን ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያደርገዋል። በግራ በኩል ያለው የአለቃው ማኅተም ስለሆነ ስሙ እጅ የሚነሳ ይመስላል። ሕግ አይደለም፤ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርህም። ቶኪዮ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አጠገቤ የምትቀመጠው ናጉሞ፣ «አንተ የኦኪናዋ ልጅ፣ ማኅተምህ ደረቱን ነፍቷል። አስጎንብሰው እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሳስጎነብስ ኖርኩ።

ክፍላችን በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስብሰባ ላይ አገራችን የምትሰጠውን ድምፅ ያዘጋጃል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በፈተና የገባሁ ጸሐፊ ነኝ። ረቂቁን እጽፋለሁ፣ መጀመሪያ ማኅተም እመታለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ላይ ይወጣል።

በጥቅምት የመጣው ጉዳይ ግን የአክስቴ ጉድጓድ ነበር። በውጭ አገር ጦር ሰፈሮች ዙሪያ ያለው ውሃ በገለልተኛ ባለሙያዎች ይመርመር የሚል የውሳኔ ሐሳብ ጄኔቫ ላይ ቀርቧል። ባለሙያዎቹ የሚገቡት ውሳኔውን የደገፈ አገር ብቻ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ካሜ ቤቷ ኦኪናዋ ደሴት ላይ፣ ከአሜሪካ ጦር ሰፈር አጥር ሥር ነው። ጉድጓዷ አይጠጣ ከተባለ ሦስት ዓመቱ። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ግን የነገራት የለም።

«እንደግፋለን» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ በላይ ዘጠኝ ማኅተም ተመታበት። ለአክስቴም ደውዬ ነገርኳት፤ መናገር አልነበረብኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ከአሜሪካ ኤምባሲ ሁለት ሰዎች መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ቤዝቦል አወሩ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሄዱ። የክፍሉ ኃላፊ ኩራሞቺ ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«ቶካሺኪ፣ ይህን እንደገና ጻፈው። ድምፀ ተአቅቦ።»

«ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል እኮ።»

«እነዚያው ዘጠኙ አዲሱም ላይ ይመታሉ።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

«ምንም። ሲወጡ ‹እንደምትረዱን እናውቃለን› አሉ፣ በቃ።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሚሳይል በላያችን ሲያልፍ የምንደውለው ለጄኔቫ አይደለም። አክስትህ እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ልስጠው?»

ለሌላ ሰው ቢሰጡትም ያው ነው። «እኔው እጽፈዋለሁ» አልኩ።

ናጉሞ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ተአቅቦማ ላንተ አይከብድህም። ምሳ ምን እንብላ ስትባልም መልስህ እሱ ነው» አለች። የሳቅኩ ይመስለኛል።

ጻፍኩት። ጉዳዩን በከፍተኛ ትኩረት እንደምንከታተለው፣ ሆኖም ተጨማሪ ምክክር እንደሚያስፈልገው ጨመርኩበት። እንዲህ ያለውን እጄ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ ማኅተሜን አነሳሁና ቀጥ አድርጌ መታሁት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ምናልባት አንድ ሰው ለምን ብሎ እንዲጠይቀኝ።

ከምሳ በፊት ወረቀቱ ተመለሰ።

«ደክሞሃል መሰለኝ» አሉ ኩራሞቺ። «ማኅተምህ ቀጥ ብሏል። ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያያሉ። ሌላ አዘጋጅና ስጠኝ።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ሆን ብዬ ያደረግሁት መሆኑ ጭራሽ አልታሰባቸውም። ሆን ብዬ ነው ማለት እችል ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር።

«ይቅርታ» አልኩና ሌላ ቅጂ አወጣሁ። አስጎንብሼ መታሁት።

በሳምንቱ ውሳኔው በብዙ ድምፅ አለፈ። እኛ ከታቀቡት ጋር ተቆጠርን። በማግስቱ በምሳ ሰዓት አክስቴ ደወለች።

«ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት? የጉድጓዱን ክዳን አንስቼ ዙሪያውን ሁሉ አጽድቼዋለሁ።»

«አይመጡም፣ አክስቴ። እኛ አልደገፍንም።»

«ተቃወምን?»

«አልተቃወምንም።»

«ታዲያ ምን አደረግን?»

«ዝም አልን።»

«ማነው ዝም በሉ ያለው?»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከበላይዋ አውሮፕላን ሲያልፍ ተሰማኝ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች፤ እዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው።

«እንግዲያው ልክደነው። ድመት ይገባበታል» አለች።

ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው። ክዳኑ ድንጋዩ ላይ ሲጎተት፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ በር ተዘጋ። ስልኩን ውጭ ረስታው ገብታለች። እኔም አልዘጋሁትም። የምሳ ሰዓት እስኪያልቅ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ተቀመጥኩ።