ከሰባተኛው ወንዝ በፊት

ይህን ሁሉ ድርቆሽ ለማን ስንቅ ብላ ነው የቋጠረችው?

ወይዘሮ አሰበች ከልጅ ልጃቸው ከሔለን አንገረብ፣ ከዚያ ከገመድ አልጋዋ ሥር የጎተቱትን ፌስታል አፉን ከፍተው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ከቤቱ ለመንገድ የተነሣ ሰው የለም። ወንድማቸው ደረበ እንደሆነ ኮኪት እርሻ ላይ ነው፤ ስንቁ እዚያው ይበስልለታል። ድርቆሽ ደግሞ ጎረቤት ለሚደርስ አይቋጠርም፤ እሳት ለማያገኝ፣ አዳሩን ለማያውቅ መንገደኛ ነው። ከሥሩ የሔለን መታወቂያ በላስቲክ ተጠቅልሏል። አንድ ቅያሪ ልብስ። የእናቷ የማናዬ ጉርድ ፎቶ።

«በስመ አብ!» አሉ። ሁሉንም እንደነበረ መልሰው ወሸቁት።

ልጃቸው ማናዬ ለሥራ ካርቱም ከሄደች ሰባት ዓመት አልፏታል። ጦርነቱ ሲነሣ ስልኳ ዝም አለ። ባለፈው ኅዳር አብራት ትሠራ የነበረች ውባንች የምትባል ሴት ከሸሹት ጋር በድንበር ከተማዋ በገላባት በኩል ወጥታ መጣችና፣ ማናዬ ሞታለች፣ የነበረችበት ቤት ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበርናት አለች። አሰበች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ እንጂ አልጮኹም፤ ሔለን ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ሰዓት ነበር። ከደረበ ጋር መከሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃት ልጅ መርዶ አይነገራትም፤ ለተፈታኝና ለአራስ መርዶ ማቆየት በአገሩ ያለ ነው። «ፈተናው ይለፍ» ተባለ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ደግ ነበር። ሔለን የውባንችን መምጣት ሰምታ «ስለ እናቴ ምን አለች?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ አሰበች «ደህና ናት፤ ስልኳን ተዘርፋ ነው። መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ ብላለች» አሏት። ከአፋቸው እንዴት እንደወጣ እሳቸውም አያውቁት።

ፈተናው ካለፈ እነሆ ዐሥራ አንደኛ ቀኑ። ደረበ ሽማግሌ ይዞ በማለዳ ሊመጣ፣ መርዶው በወጉ ሊነገር ነበር። የሐምሌ ዝናም መንገዱን ቆረጠው፤ ትራክተሩ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የደረበም ስልክ አልሠራ አለ።

አሰበች ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ልጅቱን ከቤት የሚያስነሣት ያ በስልኳ የምታየው ነገር ነው ብለው ካመኑ ቆይተዋል። አንድ ቀን የምታየው ሲያልቅ እያለቀሰች አይተዋታል፤ ያን ዕለት «ሰይጣን ነው» ብለዋት ተኳርፈው ነበር። የሚጭንላት የጎረቤታቸው የዘምዘም ልጅ ሰፍዋን ነው፤ ገበያው ዳር የስልክ ሱቅ አለው።

«እማማ አሰበች! ምነው በዝናም? ስልክዎ ዛሬም ተቆለፈ?»

«ስልኬ ደህና ነው። ያ ሥዕሉ... ዐይኗ እንደ ሲኒ የሆነች ልጅ ያለችበት። ምንድን ነው እሱ?»

«"የፋኖስ አገር" ነዋ! አኒሜ ነው፣ የጃፓን። አረቦቹ ናቸው በራሳቸው ድምፅ ያስነገሩት።»

«አረብኛውንስ ተወው፤ ሃያ ዓመት ገላባት ሽንኩርት ሸጫለሁ። እኔን ያልገባኝ ምኑ እንዳሳበዳችሁ ነው። አስማቱ ነው?»

ሰፍዋን ሳቀ። ይፈታው የነበረውን ስልክ አስቀመጠና ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አደረገ፤ ይህን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

«አስማትማ ሞልቷል፣ እማማ። የሌላው ፊልም አስማት ነፃ ነው፤ እጁን ሲያወዛውዝ እሳት ይወጣል፣ በቃ። የዚህኛው ያስከፍላል። ልጅቱ ሺዮ ትባላለች፤ እናቷን ፍለጋ ሰባት ወንዝ ትሻገራለች። ፋኖሷን በለኮሰች ቁጥር ከራሷ አንድ ነገር ትረሳለች። መጀመሪያ የጎረቤቷን ስም፣ ከዚያ የቤቷን መንገድ። አሁን ደግሞ ምን ትረሳ ይሆን እያለ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ለአረም የመጡት ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞቹ እንኳ ማታ ማታ እዚህ ይሰበሰባሉ። አረብኛ አንዲት ቃል የማያውቅ ጎጃሜ አለ፤ አልቅሶ ነው የሚሄደው።»

«እናቷን ፍለጋ» አሉ አሰበች ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«ሔለን ከአንተ ሌላ ምን ገዛች?»

ሰፍዋን ዐይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «ምን ትገዛለች... ያው ሚሞሪ።»

«አንተ ልጅ! ስትወለድ ያቀፍሁህ እኔ ነኝ።»

«የሱዳን ሲም ካርድ» አለ። «ደግሞ ነገ ጠዋት የሚሻገር ዘመድ አለህ ወይ አለችኝ። የለኝም አልኋት፣ ወላሂ! ግን ሌላ ሰው ያገኘች መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እናቴን ላመጣት ነው አለችኝ። እናቱን ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ላይ እንዴት ይነገራል?»

አሰበች ወደ ቤታቸው የተመለሱት ዣንጥላቸውን ሳይዘረጉ ነው። ነገ ጠዋት። በዚያ ማዶ ስንት ኬላ፣ ስንት መሣሪያ የያዘ፣ ስንት ሰው አጋች አለ! ደግሞ ማንን ልታገኝ!

ሔለን ደጃፉ ላይ ባለው ራኩባ፣ በአገዳ ጥላው ሥር፣ እግሯን አጣጥፋ ስልኳ ላይ አጎንብሳለች።

«ዝናም መታዎት? ምን አስወጣዎት፣ እምዬ?» አለች ዐይኗን ሳታነሣ።

«እስቲ ጠጋ በይ። እኔም ልየው።»

አሁን ቀና አለች። «እርስዎ? ሰይጣን ነው አላሉም?»

«ሰይጣንም ከሆነ ልወቀው።»

ሔለን ሳቋ አመለጣትና ስልኩን በመካከላቸው አቆመችው። አንዲት ትንሽ ልጅ ፋኖስ ይዛ በዝናም ውስጥ ወንዝ ዳር ቆማለች። ዝናሙ ሥዕል መሆኑን እያወቁ አሰበች ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ልጅቱ ፋኖሱን ልትለኩስ ክብሪቱን አውጥታ ታመነታለች። ብትለኩስ የምትረሳውን አታውቅም፤ ባትለኩስ መንገዱ አይታያትም። አሰበች «ተይ፣ አትለኩሽ» ሲሉ ራሳቸውን ሰሙት።

«አየሽ!» አለች ሔለን ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ እየተቀበለቻቸው። «አየሽ» ማለቷን ራሷም አላስተዋለችው፤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትላቸው።

ሥዕሉ ተለወጠ። አንድ ሽማግሌ ፋኖስ በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይሄዳል። ከጠፉት አንዱን አነሣ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ዘይት ጨምሮ ለኮሰው።

«ምን እያደረገ ነው?»

«የእናቷ ፋኖስ ነው። በዚያ አገር ሰው በሕይወት እስካለ ፋኖሱ ቤት ውስጥ ይበራል። የእናቷ ጠፍቷል፤ ሽማግሌው ግን ሺዮ እናቴ አለች እንድትል ብሎ በዘይት ያበራዋል። እኛ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እናውቃለን። እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ለዚህ እኮ ነው ማቆም የማይቻለው። አሁን ይነግራታል፣ አሁን ይነግራታል እያልን... እኔና ጓደኛዬ ሙባረካ እንጮህበታለን።»

አሰበች ወደ ሽማግሌው ሥዕል ጎንበስ አሉ። «ክፉ ሰው ነው?»

«ክፉ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ይወዳታል።»

«ታዲያ ምን ያድርግ ትያለሽ?»

«ሰባተኛውን ወንዝ የተሻገረ አይመለስም፣ እምዬ። እሷ አሁን ስድስተኛው ላይ ናት። ከዚያ በፊት ካልነገራት መውደዱ ምን ይረባታል?»

አሰበች ፊቷን ሰርቀው አዩ። ታውቅ ይሆን? እየፈተነችኝ ይሆን? ፊቷ ላይ ምንም ተንኮል የለም፤ ዐይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ከንፈሯ በጉጉት ተከፍቷል። ይህ ባሰባቸው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደረቷን እንዳትደቃ የሚይዟት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ጎረቤት ከደጅ ይጠብቃል። አንዲት ባልቴት ብቻዋን፣ በቀትር፣ በዝናም ምን ብላ ታረዳለች? ግን ማለዳው ነገ ነው፤ ነገ ማለዳ ልጅቱ የለችም።

«ሔለን።»

«ወዬ።»

«ስልኩን አጥፊው።»

«ሊያልቅ አራት ደቂቃ ነው የቀረው—»

«አጥፊው፣ ልጄ።»

አጠፋችው። የዝናሙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ቀረባቸው።

«ውባንች የነገረችኝ ሌላ ነው» አሉ አሰበች። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ማናዬ ስልኳን አልተዘረፈችም። እኔ ነኝ ያልሁት። ማናዬ የለችም፣ ልጄ። የነበረችበት ቤት ተመታ። እዚያው ቀበሯት።»

ሔለን ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«መቼ?»

«አምና በክረምት።»

«እርስዎ መቼ አወቁ?»

«በኅዳር።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ፤ ወሮቹን እየቆጠረች ነበር።

«ለፋሲካ ቶብ ገዛሁላት» አለች በመጨረሻ። «ስትመጣ ትለብሰዋለች ብዬ። ቀለሙን የመረጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ፈተናሽን... ፈተናሽ ይለፍ ብዬ...» አሉ አሰበች። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ስትጮህ ሊይዟት፣ ፊቷን እንዳትቧጥጥ እጇን ሊይዙባት። ጩኸቱን ጠበቁ። ጩኸቱ ቢመጣ ዘምዘም ሰምታ ትመጣ ነበር፤ ሰፈሩ ይሰበሰብ ነበር፤ ነገሩ ከሳቸው እጅ ወጥቶ የሁሉም ይሆን ነበር። ጩኸት የለም። የተዘረጋው ክንዳቸው ደከመ።

ሔለን ተነሣች። የላስቲክ ጫማዋን አጠለቀች፤ አንዱ ተገልብጦ ኖሮ ጎንበስ ብላ አቀናችው።

«የት ነው? አንች ልጅ፣ በዚህ ዝናም የት ነው? ስደቢኝ እንጂ! አንድ ነገር በይኝ!»

አሰበች ምሰሶውን ይዘው ተነሡና እስከ አጥሩ ተከተሏት። ሔለን አስፋልቱ ዳር ስትደርስ አንድ ጊዜ ቆመች። ወደ ታች የድንበሩ ድልድይና ገላባት ነው፤ ወደ ላይ ውባንች ተከራይታ የምትኖርበት ሰፈር። 

ወደ ላይ ታጠፈች። ከእሳቸው የሰማችውን ከሌላ አፍ ልትሰማ፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።