እምቢተኛው በር

ሰፈሩ ውስጥ የቁልፍ ቀራጩን ቤት በር ያህል የሰው መሳቂያ የሆነ ነገር የለም። ሰውየው በሙያው አንደኛ ነው። ቁልፍ የጠፋበት፣ መኪናው ውስጥ ቆልፎበት የወጣ፣ ካዝናው እምቢ ያለው ሁሉ የሱ ሱቅ ደጃፍ ነው የሚሰለፈው። ሥራ ሲያበቃ ግን የገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቁልፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲያባብል፣ ሳንቃውን በጉልበቱ ገፋ፣ በእጁ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርግ ታዩታላችሁ።

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህን ትርኢት ሳያይ ሱቁን አይዘጋም።

«ቁልፍ ቀራጭ ልጥራልህ እንዴ? አንድ የማውቀው አለ፣ እጁ ወርቅ ነው» ይለዋል።

«እሱ ሰውዬ ዋጋው አይቀመስም አሉ» ይላል ቁልፍ ቀራጩ፣ እየሳቀ። ከዚያ በሩ እንደምንም ይከፈትና ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የሚስቱ ነው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከሱ በፊት ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ትኖር ነበር፤ ሴት ልጅም ወልዳለታለች። ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል ሹፌሩ አንድ ጠዋት «ሳምንት ሳይሞላ መጣሁ» ብሎ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። ሞተ እንዳይባል አንዴ አንዱ ነዳጅ ማደያ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው መናኸሪያ አየነው ይላሉ፤ ወፍሯል፣ ይስቃል፣ ጤናው ደህና ነው። ስልኩ ግን አይሠራም። ሲሄድ የዚህን በር ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ነው የሄደው።

ቁልፍ ቀራጩ ጓዙን ይዞ የገባ ዕለት ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው። «ከቤቱ የፈለግከውን ቀይር፣ አልጋውንም ቢሆን። ያንን መቆለፊያ ግን እንዳትነካብኝ» አለችው። ለልጅቷ ብላ እንደሆነ ነገረችው። እሱም አመናት። ግማሹን ማለቴ ነው። ደጅ ላይ የመኪና ድምፅ ሲሰማ የስፌት መኪናዋ ለአፍታ ቀጥ ሲል እሱም ጆሮ አለው፣ ይሰማል። አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ልጅቷን ሰፈሩ ድንቢጥ ይላታል፤ ከእኩዮቿ ሁሉ ታንሳለች፣ ወሬዋ ግን ሰፈሩን ይበቃል። ከቁልፍ ቀራጩ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነው አያውቁም፤ እንዲያውም ወዳጆች ናቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የነሐስ ብናኙን በጣቷ እየሰበሰበች የቀኑን ሁሉ ታወራለታለች። የምትጠራው «ጋሼ» ብላ ነው። ጋሼ ጥሩ ስም ነው፣ ክብር አለው፤ ግን ለጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም ጋሼ ነው የምትለው። እሱ አንዲት ሌላ ቃል ሲራብ ኖረ። አፉን ሞልቶ ለማንም አይናገርም እንጂ ሰው ልጁን መንገድ ላይ ሲጠራ ሰምቶ «አቤት አባ» የሚል መልስ ሲመጣ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።

አምና ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። እናቷ ሌላ ከተማ ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ልትሰቅል ሄዳለች፤ ስልኳም ተዘግቷል። ቁልፍ ቀራጩ ልጅቷን አቅፎ ሆስፒታል በረረ። አጥንቱ ተስተካክሎ እንዲገጠም ማደንዘዣ ያስፈልጋል፣ ለማደንዘዣው ደግሞ የወላጅ ፊርማ።

«ምኗ ነህ?» አለችው ነርሷ።

«አሳዳጊዋ ነኝ።»

«ወረቀት አለህ?»

ወረቀት ከየት ይምጣ? ያለው የነሐስ ብናኝ የሞላው ኪስ ብቻ ነው። እናቷ ስልኳን ከፍታ፣ ሰምታ እስክትደርስ ድረስ ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ እጁን ጨምቃ ቆየች፤ እሱም ቁጭ ብሎ አየ። የዓለምን በር ሁሉ የሚከፍት ሰው አንዲት ፊርማ አቅቶት ልጁ ስትሰቃይ ማየት ምን እንደሆነ ለጠላትም አይስጥ። የዚያን ዕለት ለሚስቱ «ሁለተኛ ይህ አይደገምም» አላት። እሷም «እሺ» አለች።

አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄዱ፤ ጠበቃዋም ነገሩን በቀላሉ አስረዳቻቸው። ሹፌሩ በሕግ ፊት ዛሬም አባት ነው። መጀመሪያ የወላጅነት መብቱ እንዲሻር አቤቱታ ይገባል፤ ከተሻረ ቁልፍ ቀራጩ ልጅቷን በጉዲፈቻ ልጁ ያደርጋታል። ግን ሰውየው ሳይጠራ አይፈረድበትም። መጥሪያው በመጨረሻ በሚታወቅ አድራሻው ይለጠፋል።

መጨረሻ የሚታወቀው አድራሻው ደግሞ ይኸው ቤት ነው።

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት መልእክተኛ መጥቶ የሹፌሩን ሙሉ ስም የያዘ መጥሪያ በገዛ በራቸው ላይ ለጠፈላቸው። «ቀርበህ መልስ እንድትሰጥ» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ያን ቀን አልቀለደም።

ድንቢጥ ቆማ ደጋግማ አነበበችው።

«ፍርድ ቤት ከጠራው ይመጣል ማለት ነው አይደል?» አለች።

«ላይመጣም ይችላል» አለች እናቷ።

ልጅቷ ያንን አልሰማችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ መምጣቷን ተወች። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤት ትገባና ፀጉሯን አበጥራ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። ቁልፍ ቀራጩ ባዶውን በርጩማ እያየ ይሞርዳል። በሹፌሩ ቀና፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። ለአንዲት የልደት ቀን እንኳ ያልደወለ ሰው እንዲህ ሲናፈቅ፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሳይታይ ሲቀር አንጀቱ አረረ። ደግሞ አሳዘነችው። ናፍቆቷን የሚያውቀው ከራሱ ናፍቆት የተነሳ ነው፤ ሁለቱም የማይመጣ ነገር እየጠበቁ ነው።

ቀጠሮው ሲቃረብ ጠበቃዋ ዳኛዋ ልጅቷንም እንደምትጠይቅ፣ ልጅቷ ካልፈለገች ጉዳዩ እንደሚወድቅ ነገረቻቸው። እራት ላይ እናቷ ጉዳዩን አነሳች።

«እምቢ ነው የምላቸው» አለች ድንቢጥ፣ ሰሃኗን እያየች።

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጋሼሽ ምን በደለሽ?»

«ምንም። ግን ከተፈረደ መቆለፊያውን ይቀይረዋል። ከዚያ አባቴ ቢመጣ ቁልፉ እምቢ ይለዋል፤ የማንፈልገው ይመስለውና ይሄዳል።»

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቁልፍ ቀራጩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተነሳና ካቻቢቴውን አምጥቶ ልጅቷን «ነይ እስቲ» አላት። በሩ ሥር ተንበረከከና መቆለፊያውን ፈትቶ የውስጡን ዕቃ መዳፏ ላይ አኖረላት። የውጭው ሽፋን የተፋፋቀ፣ የዛገ፣ የምታውቀው ነው። ውስጡ ግን ያበራል።

«ይሄ አዲስ ነው» አለች።

«አሮጌው አንቺ ትምህርት ቤት የገባሽ ዓመት ሞተ። ውስጡ ተሰበረ። እናንተ ሳትኖሩ ቀየርኩት።»

«ቀየርከው?» አለች ሚስቱ።

«አዎ። ቃሌን አፈረስኩ። ግን ለሱ ቁልፍ እንዲሆን አድርጌ ነው የሠራሁት።» የሚስቱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደና ለልጅቷ አሳያት። «ይሄን አየሽው? ስንት ዓመት ተሠራበት፣ ጥርሱ ተበልቷል። የኔም ያንቺም ከዚሁ ከተበላው የተቀዱ ናቸው። የሱ ግን ኪስ ውስጥ ተቀመጠ እንጂ አልተሠራበትም፣ ጥርሱ እንደ ድሮው ነው። እዚህኛው የእናትሽ ቁልፍ አናት ላይ የፋብሪካው ቁጥር አለ፤ በዚህ ቁጥር ቁልፉ አዲስ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ይታወቃል። የሠራሁት በዚያ ልክ ነው። እሱ ቢመጣ አንዴ አዙሮ ይገባል።»

ድንቢጥ ዕቃውን አገላብጣ አየችው። «ለዚህ ነው እኛን የሚያስቸግረን?»

«ለዚህ ነው።»

«ለምን ለእኛም አዲስ ቁልፍ አልቀረጽክልንም?»

«አዲስ ቁልፍ ብሰጣችሁ መቆለፊያው እንደተነካ ታውቁ ነበራ። እናትሽ ታዝን ነበር።»

«ሰፈር ሲስቅብህ ኖረ እኮ» አለች ሚስቱ።

«ሳቅ ምን ይጎዳል» አለ፣ መቆለፊያውን መልሶ እየገጠመ። ሚስቱ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ትከሻውን ያዘችው።

በቀጠሮው ቀን ችሎት አስከባሪው ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ የሹፌሩን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ሦስቱም ወደ በሩ ዞሩ። ደግሞ ጠራ። እናትየው የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣለች፤ ልጅቷ በእግር ጣቷ ቆማለች። የሚገርመው ቁልፍ ቀራጩ ነው፤ የልጅቷን ፊት ሲያይ ይምጣላት ብሎ ተመኘ፣ ቢመጣ የሚያጣውን እያወቀ። ኮሪደሩ ላይ የፅዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን እየጎተተች አለፈች። ሌላ ማንም አልመጣም።

ዳኛዋ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አባቴ እንዲመጣ እፈልጋለሁ» አለች ድንቢጥ። ቁልፍ ቀራጩ ጫማውን አየ። «ሁልጊዜም እፈልጋለሁ። ግን እጄ ሲሰበር የሚፈርምልኝ እሱ ይሁን» አለች፣ በጣቷ እያሳየችው። «አባቴ ቢመጣ በሩን ይከፍትለታል። ተነጋግረናል።»

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ልጅቷንና ቁልፍ ቀራጩን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ የሹፌሩ የወላጅነት መብት እንዲሻር፣ የጉዲፈቻውም ማመልከቻ እንዲቀጥል ወሰነች። እናትየው ደረጃው ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች። «መጠበቅ በቃሽ የሚለኝ ሰው ነበር የጠፋው» አለች። ባሏ መሀረብ ፈልጎ ኪሱን ቢዳብስ ያገኘው ሞረድ ብቻ ነው፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሱቁ ጋ ቆሙ። ሚስቱ ያን የተበላ ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አዲስ ቅረጽልኝ» አለች። «በቁጥሩ።»

ማሽኑን አስነሳ። ድንቢጥ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ብናኙን በጣቷ መሰብሰብ ጀመረች።

«ሦስት ነው የምትቀርጸው?»

«ሦስት። የእናትሽ፣ ያንቺ፣ የኔ።»

«አራት አድርገው» አለች። «የሱ ጠፍቶበት ይሆናል እኮ፣ አባ።»

እሷ ያለችውን ልብ አላለችም፤ ብናኙን እየቆለለች ነበር። እሱ ማሽኑን አጥፍቶ ዓይኑ ውስጥ ብናኝ የገባበት ይመስል ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ አራት ልሙጥ ቁልፎች ከመደርደሪያው አወረደና አራተኛውን አስቀድሞ ቀረጸው።