በአናጢው ጭን ውስጥ

«እኔን ከአልጋ ያነሡኝ ዶክተር ናቸው» አለ አናጢው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ቀኝ ጭኑን መታ መታ እያደረገ።

የሟች ሚስት ሻይ ልታቀብለው እጇን እንደዘረጋች ቀረች። በዚያ ጭን ውስጥ ያለውን ነገር ከባሏ ሞት ወዲህ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«አሁን ደግሞ ወገቤ አላስቀምጥ ብሎኛል። ነገ ጠዋት ማግኔት ያለው መሣሪያ ውስጥ ሊያስገቡኝ ነው። ብረት አለብህ ወይ ሲሉኝ፣ ዶክተር የነበረውን አውጥተውልኛል አልኳቸው።»

«የወንድሜ እጅ ስህተት አያውቅም ነበር» አለ የሟች ታላቅ ወንድም። ለቀስተኛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

ብረቱ ከአናጢው ጭን በወጣበት ቀን ለባሏ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ እሷ ነበረች። አንድ ብሎን አልነቀል ብሎ ባሏ መሰርሰሪያ ጠየቀ። ቀጭ አለ፤ ሲያወጣው ጫፉ የለም። ቢቆፍር አጥንቱን ይጎዳል፤ መተዉስ ልክ ነበር።

«ትነግረዋለህ?» አለችው እጃቸውን ሲታጠቡ።

«ሲነቃ።»

ሲነቃ አናጢው እጁን ስቦ ሳመው። ባሏ ሳይነግረው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ደፋር ሰው አናጢውን ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይር ነበር።

ብትናገር አፈሩ ሳይደርቅ የባሏን ስም ልታጎድፍ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ማግኔቱ አለ።

«አንዴ ወደ ኮሪደሩ ይምጡልኝ» አለችው አናጢውን።

በሩን ዘጋች። «ጭንዎ ውስጥ የመሰርሰሪያ ጫፍ ተሰብሮ ቀርቷል። ከመግባትዎ በፊት ይንገሯቸው። ራጅ አንሥተው ይወስኑ።»

አናጢው ጭኑን የሌላ ሰው ይመስል አየው። «እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እኔም የሰው ቁም ሣጥን ውስጥ መሰርሰሪያ ሰብሬ፣ በቀለም ሸፍኜ አስረክቤያለሁ» አለ። «ቁም ሣጥን ግን ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ሲስተር። ስንቴ መርቄያቸዋለሁ! ምነው አንዲት ቃል ቢነግሩኝ?»

«ፈራ» አለች። ባሏን ፈሪ ብላ አታውቅም። «ፈራዎት። እኔም ፈራሁ። ደግ ነበር እኮ... ደግ ነበር፣ ግን ፈራ።»

እንባ የላትም እየተባለች ስትታማ የሰነበተችው ሴት ግድግዳውን ይዛ ጮኻ አለቀሰች።

አናጢው አይዞሽ አላላትም፤ ይቅር ማለቱንም አልተናገረም። እያነከሰ ገብቶ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር አመጣና አስቀመጣት።

«ምን ሆነች?» አለ የሟች ወንድም ከውስጥ፣ በሩን እየገፋ።

«ምንም። ተዉአት፣ ታልቅስ» አለና አናጢው በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ።