ሦስት ወር ሲቀር

«ነርስ ተብላ የገዛ ባሏን እንኳ አላተረፈችም» አለች አንዲት ሴት ከድንኳኑ ሸራ ወዲያ።

«ኧረ ዝም በይ፣ ትሰማለች!»

«ትስማ! እሷን ሊያስተምር አይደል እንዴ በሞተር ሲንከራተት የቀረው?»

አብርሆት ሰምታለች። ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች የተናጋሪዋን ድምፅ ለየችው። ጎረቤቷ ይመኙሻል ናት። ትናንት በቀብሩ ላይ ደረቷን እየደቃች ከሁሉ በላይ የጮኸችውም እሷው ነበረች። አብርሆት አልተቆጣችም። ይመኙሻል ያለችውን እሷም ከቅዳሜ ጀምሮ ለራሷ ስትለው ሰንብታለች።

ከፊት ለፊቷ አማቷ እማማ ዘነበች ተቀምጠዋል። የልጃቸውን መሞት ሰምተው ከማንኪራ ገጠር በእግራቸው ሲመጡ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር። ዘመድ ሲገባ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ያለቅሳሉ፣ ሲወጣ ዝም ይላሉ። የአራት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ጽጌን ከጭናቸው አላወረዷትም። ለአብርሆት ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱላትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አብርሆት ቦንጋ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነበረች። ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ፕራክቲስ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። አንዲት ፒካፕ ጥሩንባዋን እየነፋች ግቢው ውስጥ ገባች። አራት ሰዎች በሸራ ተሸክመው አንድ ሰው አስገቡ። ከሺሺንዳ ሲመጣ ኩርባው ላይ ጭቃ አንሸራቶት ከሞተሩ ጋር ገደል ገብቷል አሉ፤ የጫነው ሰው ክንዱ ተሰብሮ ተርፏል። ተረኛዋ ሲስተር «ሱሪውን ቅደጂ» ስትላት አብርሆት መቀሱን አንስታ ከቁርጭምጭሚቱ ጀመረች። ጉልበቱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሱሪው ላይ የተጣፈችውን እራፊ ታውቃታለች። የሰፋቻት ራሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አታስታውሰውም። ከክፍሉ ገፍተው አስወጧት። ባሏ ሩብ ሰዓት እንኳ በሕይወት አልቆየም።

ባሏ ሚሊዮን፣ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ጆንያ ሰፊ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት የተቀመጠችውን አብርሆትን አገባ። ጽጌ ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ከሸሚዙ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

«የምን ወረቀት ነው?»

«የነርስ ትምህርት ፎርም። ስምሽን ሞልቼዋለሁ፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«አብደሃል? በምን ሊከፈል?»

«መክፈሉ በኔ፣ ማጥናቱ ባንቺ» አለና ልጅቷን ተቀብሏት ወጣ። ክርክር ሲመጣ እንዲህ ወጣ ማለት ይወድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት እትዬ ጠይባ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትሸጣለች። የሱ ደሞዝ ለኮሌጁ፣ የሷ ለቤት ኪራይና ለዘይት ሆነ። ጽጌ ስትታመም የመድኃኒቱ ብር ከሁለቱ አንዱን አጉድሎ ነበር የሚወጣው። የቤቱን ሥራ ሚሊዮን ያዘው። ጀሪካን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ በመንደሩ መሐል ያልፋል። ቆጮ ይጋግራል፣ ዳር ዳሩን ያሳርረዋል እንጂ። መፈልፈያው ውስጥ ያሉ ወንዶች «ወይዘሮ ሚሊዮን» የሚል ስም አወጡለት። እሱ እቴ! ሲጠሩት «አቤት!» ይል ነበር፣ ድምፁን አቅጥኖ። ሁለት ሳምንት ስቀውበት ሰለቻቸው።

እራት እየሠራ ደብተሯን ከፍቶ ይጠይቃታል። የእንግሊዝኛውን የበሽታ ስም አጣሞ ሲያነበው በሽታው ራሱ የሚድን ይመስል ነበር። እየሳቀች ትመልሳለች። ሳትመልስ ስትቀር «ሲስተር፣ በሽተኛው ሞተ» ይላት ነበር።

ይኼን ስታስታውስ አብርሆት ድንገት ጮኸች። ለቀስተኞቹ ደንግጠው ተነሡ፣ ያዟት፣ ውሃ ረጩባት።

ከሰዓት በኋላ የክፍል ጓደኛዋ ትሁት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ወደ ጆሮዋም ተጠጋች።

«አሁን የሚነገር አልነበረም፤ ግን ልደብቅሽ አልችልም። እስከ ነገ ነው የፈቀዱልሽ። ረቡዕ ጠዋት ካልገባሽ ፕራክቲሱን ከርሞ ትደግሚዋለሽ ብለዋል። ለምነን ነበር፣ እንቢ አሉ።»

ከርሞ ማለት ሌላ የዓመት ክፍያ ነው። አብርሆት ራሷን ነቀነቀች። ትሁት ስትሄድ የእትዬ ጠይባን መልእክትም ነግራት ሄደች፤ የሱቁ ቦታዋ እስክትመለስ ይጠብቃታል።

ሐዘኑን የከፋ ያደረገባት አንድ ነገር ለማንም አልተናገረችውም። ያለፈው ዓርብ ተጣልተው ነበር። አከራያቸው ኪራይ ጨምሯል፣ ጽጌን ትኩሳት ይዟታል፣ አብርሆት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት መምህሩ ከሰው ፊት አስነሥቷታል። ሚሊዮን በትርፍ ጊዜው ሰው ሊጭንባት ከዕቁብ ባወጣው ብር ከገዛት አሮጌ ሞተር ጋር እየታገለ ጭቃዋን ሲጠርግ ደጃፉ ላይ ቆመችበት።

«በቃኝ» አለችው። «ትምህርቱን ልተወው ነው። ሰው አይደለሁም እንዴ? ያንተን ሞተር ስሰማ ልቤ ይቆማል፤ ክፍል ስገባ ልጄን አስባለሁ፤ ቤት ስገባ ፈተናውን።»

«ሦስት ወር ነው የቀረው፣ አብርሆት።»

«ሁልጊዜ ይሄው ነው! ሁለት ዓመት ነው የቀረው፣ አንድ ዓመት ነው የቀረው። አንተ ደሞ አትደክምም እንዴ?»

ሚሊዮን ጨርቁን አስቀምጦ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የወትሮው ሳቅ አልነበረም።

«እደክማለሁ» አላት። «ማን አይደክምም አለሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ሞተሩን አስነሥቶ ሲወጣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ጫማዋን ታሥር ነበር።

ማክሰኞ ሠልስቱ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ንፍሮውን ቀምሶ ሲቀመጥ፣ የሚሊዮን ታላቅ ወንድም ተድላ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንኪራ ቀፎና ጥቂት የጫካ ቡና ያለው፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ክፉ ሊናገር አልፈለገም።

«አብርሆት፣ እህቴ ነሽ» አለ። «ወንድሜ የቻለውን አደረገ። ከዚህ በላይ ይህን ከተማ ብቻሽን አትችይውም። ሞተሯ ትሸጥ፣ ኪራዩ ይከፈል። አንቺና ልጅቷ ከእኛ ጋር ማንኪራ ትገባላችሁ። ትምህርቱ... እንግዲህ እግዜር ያላለው ነገር ነው።»

«እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ለአብርሆትም እውነት መሰላት። ደክሟታል። ማንኪራ ሄዶ ቡና መልቀም፣ አንድ ነገር ብቻ መሥራት፣ ማንም ምንም የማይጠይቃት ቦታ። «እሺ ጋሽ ተድላ» ልትል ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እማማ ዘነበች ጽጌን ለተድላ አስታቀፉትና ተነሡ።

«ነይ» አሏት በካፊኖኖ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ወሰዷት። ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ ላይ የቀረው ይንጠባጠባል። አማርኛቸው አይፈጥንም፤ እየፈለጉ ነበር የተናገሩት።

«ሚሊዮን ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ምጥ ይዞኝ ሁለት ቀን ሆነኝ። አባቱም ተድላም የሉም። 'ቦንጋ ሂድ፣ ነርስ ጥራ' አልኩት። በዝናብ ሮጦ ሄደ። ነርሷ የለችም፣ ለክትባት ገጠር ወጥታለች አሉት። ደጃፉ ላይ ጠበቃት፣ አልመጣችም። ብቻውን ተመለሰ። ሕፃኗ ሞታ ነበር። ሴት ነበረች።»

አብርሆት ቀና ብላ አየቻቸው። ሚሊዮን ይህን ነግሯት አያውቅም። ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ አንድም ቀን።

«ያን ቀን እግሬ ሥር ተቀምጦ ምን አለኝ? 'ነርስ ከቤታችን ብትሆን ኖሮ' አለኝ። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል አልኩ። ፎርሙን ሲሞላልሽ ነው እንዳልረሳ ያወቅሁት።»

«እማማ፣ ዓርብ ተጣልተን ነበር» አለች አብርሆት። ቃሉ ሳታስበው ወጣ። «እተወዋለሁ አልኩት። ቅዳሜ ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም።»

የአሮጊቷ ፊት ሲጨማደድ አብርሆት የሚመቷት መሰላት።

«እኔ አሁን ልወድሽ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ውሸት ምን ያደርጋል? ሳይሽ እሱን ነው የማየው፣ ሆዴ ይቃጠላል። ግን ብትተዪው ልጄ ለምን ሞተ? ሂጂ፣ ጨርሺው። ልጅቷን እኔ እዚሁ ሆኜ እይዛታለሁ። ተድላን እኔ እነግረዋለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አብርሆት ጥቁር ልብሷ ላይ ነጩን ጋውን ደርባ ወጣች። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ይመኙሻል ደጃፏ ላይ ቆማ አየቻትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አብርሆት «እንደምን አደርሽ» ብላት አለፈች።

የተመደበችው እዚያው ድንገተኛ ክፍል ነበር። ሲስተሯ «ሌላ ዋርድ ላዛውርሽ?» ብትላት፣ አብርሆት «ካሁን በኋላስ የት እሸሻለሁ?» አለቻት። አልጋው ላይ ከዋጫ የመጣ ገበሬ ተኝቶ ነበር፤ መጥረቢያ ስቶ እግሩን መትቶት ነው። ቁስሉን ስታጥብ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሰውየው ጥቁር ልብሷን አየና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ፋሻውን ጠቅልላ ስትጨርስ ደሙ ቆሞ ነበር።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትደርስ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። ተድላ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። ጽጌ ፍራሹ ላይ ተኝታለች። አብርሆት ደጃፉ ላይ ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

እማማ ዘነበች ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። እጇን ስትዘረጋ አስታጠቧት። ውሃው ሲያልቅ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው ጎንበስ አሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ፣ የምራታቸውን እጅ እንደ ሕፃን እጅ፣ ጣት በጣት፣ በቀስታ አደረቁት። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አልለቀቋትም።